ኮፒ ቤት ቴሌግራም ከፍታችሁ ለምትወጡ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ኮፒ ቤት ገብቶ በቤቱ ኮምፒውተር ቴሌግራም መክፈት የተለመደ ነው። ዲግሪው፣ ፋይዳው፣ ሲቪው ፕሪንት ይደረግና ሒሳብ ተከፍሎ ውልቅ። ገጹን መዝጋት ግን አካውንቱን አይዘጋውም። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ብሮውዘሩን ሲከፍት ቻታችሁ እንዳለ ይጠብቀዋል።

እስኪ አሁን ስልካችሁን አውጡ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲቫይስስ የሚለውን ንኩ። አካውንታችሁ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ይዘረዘራሉ። የማታውቁት «ክሮም፣ ዊንዶውስ» ካያችሁ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ተጫኑ። እጃችሁ ላይ ካለው ስልክ በቀር ሁሉም ይባረራል። ፕራይቬሲ ውስጥ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽንም አለ፤ የይለፍ ቃል አስገቡበት። ያኔ የሚላከው ኮድ ብቻውን ማንንም አያስገባም።

ፋይሉስ? ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥራችሁ ጭምር። ሺፍት ይዛችሁ ዲሊት በሉት፤ ያለዚያ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቀራል። «ወንድሜ፣ ፋይሌን ላጥፋው» ብትሉት ባለቤቱ አይከፋውም። በፍላሽ ይዞ መሄድም ይቻላል፣ ቫይረሱን ከቻላችሁት።