ዙፋንና ምክር ቤት የሚጋሩትን ምናባዊ መንግሥት እንዴት እንጽፋለን?

ንጉሥና ምክር ቤት ሥልጣን የሚጋሩበትን፣ ወራሹም ማን እንደሚሆን ያልታወቀበትን ምናባዊ መንግሥት ለመጻፍ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከካርታና ከነገሥታት የዘር ሐረግ ነው። እኔ ግን ለራስዎ ማስታወሻ እንዲሆን አስቀድመው አንድ ቀን ብቻ እንዲጽፉ እመክራለሁ፤ ይኸውም ዙፋኑ ባዶ የሆነበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ንግሥቲቱ ሌሊት ካረፉ፣ ጠዋት ማኅተሙ በማን እጅ ይገኛል? የዘበኞቹን ቀለብ የሚሰፍረው ማን ነው? ምክር ቤቱን የመጥራት መብት የንግሥቲቱ ብቻ ከነበረስ ማን ይጠራዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ የመንግሥቱ ሕግ ግማሹ ተጽፎ ያልቃል፤ የዘር ሐረጉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ወገን ሌላው ሊነጥቀው የማይችለውን አንድ ኃይል ይስጡት። ምክር ቤቱ ከማማከር ያለፈ ሥልጣን ከሌለው የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ንጉሡም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ምንም የማያደርግ ከሆነ ስለ ወራሽ የሚጨነቅ ሰው አይኖርም። መልክዐ ምድሩን ከእንጦጦ እንዋስ። በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች በየዕለቱ እንደምናየው ጅረቱ ከተራራው ይወርዳል፣ ጤፉና ስንዴው ከሆለታና ከሰበታ አቅጣጫ ተጭኖ ይመጣል፣ ከተማውም ከመካከል ተቀምጦ ሁለቱንም ይጠብቃል። በምናባዊው መንግሥት ታዲያ የተራራው ምንጭ የሚፈስሰው የተቀባ ንጉሥ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ዙፋኑ ባዶ ከሆነ በአርባኛው ቀን ይነጥፋል እንበል። የጎተራዎቹ ቁልፍ ደግሞ በምክር ቤቱ እጅ ነው፤ ያለ አባላቱ ድምፅ አንድ ቁና እህል አይወጣም። እንግዲህ ቤተ መንግሥቱ ከተማውን ማስጠማት፣ ምክር ቤቱም ቤተ መንግሥቱን ማስራብ ይችላል፤ ሁለቱም እልህ ከተጋቡ ግን አብረው ያልቃሉ። አስማቱ የሕጉ አካል እንዲሆን አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው፤ ከሕጉ ውጭ የቆመ አስማት በጭንቁ ሰዓት ደርሶ ችግሩን ስለሚፈታው የምክር ቤቱን ክርክር ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የወራሽነትን ጭንቀት ለመማር ከራሳችን ታሪክ የቀረበ ምሳሌ የለም። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ፤ ራስ ተሰማ ናደውም እንደራሴ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተሰወረ፤ ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ ገዙ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ሲሽሯቸውም ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ለልብ ወለድ ጸሐፊ በዚህ ውስጥ ብዙ ሀብት አለ። የገዢ ሞት ሊደበቅ ይችላል፤ የሚገዛውና ዘውድ የጫነው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የታማኝነት መሐላም ፈቺ ካገኘ ይፈታል። ይህን ወደ ምንጩ ይመልሱት፤ የንግሥቲቱን ሞት ሊሰውር የሚሻ ሹም ውኃው እስኪያጋልጠው ድረስ አርባ ቀን ብቻ አለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውም ዘመን መታየት አለበት፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውዱን፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ደግሞ የመንግሥቱን ሥራ ይዘው እስከ 1922 ዓ.ም. መቆየታቸው በአንድ አገር ሁለት ግቢ ሲኖር ባለጉዳይ ወደየትኛው እንደሚሄድ እንድናስብ ያደርጋል።

የምክር ቤቱን አባላት ማን እንደሚመርጣቸው ሳይወስኑ አንድም የክርክር ትዕይንት አይጻፉ። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጧቸው ነበር፤ ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባላት የመምረጥ መብት ያገኘው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ንግሥቲቱ የሾሟቸው አባላት ሹመታቸው ከእርሳቸው ጋር እንዳይቀበር ይሰጋሉ፤ አውራጃዎች የላኳቸው ደግሞ ስለ ጎተራው ይቆረቆራሉ። አንድ አባል በጉባኤው መካከል ተነሥቶ ከወራሾቹ ለአንዱ አስቀድሞ እጅ ሲነሣ፣ አንባቢ ያ ሰው ምን እንደፈራ ሊያውቅ ይገባል።

ወራሾቹን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ሕግ ትክክል፣ በሌላው ሕግ ስሕተት ይሁኑ። አንዷ የበኩር ልጅ ብትሆንም እንደ ግሸንና እንደ ወህኒ ባለ አምባ ተዘግቶባት ያደገች፣ አገሩን የማታውቅ ትሁን፤ ሌላው በምክር ቤቱ የታመነ ነገር ግን ለመቀባት የሚያበቃ ዘር የሌለው ይሁን።

በመጨረሻ ርቀቱን ይለኩ። ከተማው በፍል ውኃ አካባቢ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረ በኋላም ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት ከላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነበር። እርስዎም መቀቢያውን በተራራው ላይ፣ ምክር ቤቱን በሜዳው ላይ ያድርጉት፤ በመካከሉ ያለውን ዳገት የሚጠብቁት ዘበኞችም ቀለባቸው ከጎተራው የሚሰፈር ይሁን። ትረካውን ከሠላሳ ስምንተኛው ቀን ይጀምሩ፤ ምንጩ መቅጠን ጀምሯል፣ ምክር ቤቱ ገና ድምፅ አልሰጠም፣ ከወራሾቹም አንዷ ያለ ፈቃድ ዳገቱን መውጣት ጀምራለች።