የሜላኖማ ውጤት ሲሰጥዎት፦ ወረቀቱን እንዴት እንደሚያነቡና ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዴት እንደሚከታተሉ

ከውስጥ እግርዎ ላይ ተቆርጦ ለምርመራ የተላከው ጥቁር ምልክት ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር መሆኑ ሲነገርዎት፣ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የሚናገረው አብዛኛው ነገር በጆሮዎ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ቀጠሮው ረጋ ያለ ዘመድ ይዘው ይግቡ፤ የሚባለውን እሱ ይጻፍልዎት።

ቀጥሎ የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ ማለትም የተቆረጠው ናሙና በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ የተጻፈውን ወረቀት፣ ቅጂ ይጠይቁ። ሰውን የሚያስደነግጠው የምልክቱ ስፋት ቢሆንም፣ በወረቀቱ ላይ አስቀድመው መፈለግ ያለብዎት ዕጢው ወደ ቆዳ ውስጥ የዘለቀበትን ጥልቀት ነው። ይህም በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ አለካኩን በ1970 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ሐኪም ስም «ብሬስሎው» ይባላል። «ኢን ሲቱ» የሚል ከተጻፈ፣ የካንሰሩ ሴሎች የላይኛውን የቆዳ ንጣፍ አላለፉም ማለት ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር ያልበለጠው ደግሞ ቀጭን ከሚባሉት ይመደባል። «አልሰሬሽን» የሚለውም ቃል መኖር አለመኖሩን ይዩ፤ በዕጢው ላይ ያለው ቆዳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መቁሰሉን የሚገልጽ በመሆኑ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ ቢሆን እንኳ የበሽታውን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል።

ምልክቱ ከተቆረጠ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል ቢባሉ አይደንግጡ። ዓላማው በዙሪያው ያለውን ጤናማ ቆዳ ጨምሮ በማንሣት የቀረ ሴል እንዳይኖር ማድረግ ነው፤ ለኢን ሲቱ ከ0.5 እስከ 1 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላለው ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወሰዳል። ጥልቀቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ወይም ቁስለት ካለ፣ ከዕጢው የሚነሣው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርስበት ንፍፊት ተወስዶ መመርመር ይኖርበት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የእግር ከሆነ ይህ ንፍፊት ብዙውን ጊዜ በብሽሽት ይገኛል። «ካንሰር በስለት ከተነካ ይበተናል» የሚለው የሰፈር ወሬ፣ በእኔ ግምት፣ ሰዎች በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ወደ ሐኪም ከመሄዳቸው የመጣ ነው፤ በጊዜ የተደረሰበት ሜላኖማ ዋና ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው።

የውስጥ እግር ቁስል በእርምጃ ስለሚወጠር ቀስ ብሎ ይድናል። ስለዚህ መቼ እግርዎን መርገጥ እንደሚችሉና ስፌቱ መቼ እንደሚወጣ ከሆስፒታል ሳይወጡ ይጠይቁ፤ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮዎን አይጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ለተገኘ ሜላኖማ፣ በአብዛኛው በየ6 ወይም በየ12 ወሩ ለ5 ዓመት፣ ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ የቆዳና የንፍፊት ምርመራ ይመከራል። ሌላ ምልክት ከሌለ የደም ምርመራና ሲቲ ስካን በየጊዜው ማድረግ ስለማያስፈልግ፣ ገንዘብዎን ለዚያ አያውጡ።

በቤትዎም በወር አንድ ቀን፣ እግርዎን ታጥበው በደማቅ ብርሃን ጠባሳውን፣ የጣቶችዎን መሐል፣ መዳፍዎንና ጥፍሮችዎን ይመልከቱ፤ ብሽሽትዎንም በጣትዎ ይዳስሱ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማይደርስባቸው በእነዚህ ቦታዎች ነው። ቦብ ማርሊ በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኝቶበት በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈው በዚሁ ዓይነት ነበር። የሚያጠራጥር ነገር ካዩ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገው በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። በጠባሳው አጠገብ አዲስ እብጠት፣ ከጥፍር አልፎ ወደ ቆዳ የፈሰሰ ጥቁር መስመር ወይም የማይጠፋ ንፍፊት ሲያገኙ ግን ቀጠሮዎን ያስቀድሙ።

ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ከሆነ፣ የውጤቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን በላቦራቶሪው የተቀመጠውን የናሙና መስታወት ጭምር ይጠይቁ፤ ሌላ ፓቶሎጂስት ጥልቀቱን እንደገና ሊለካ የሚችለው እሱን አይቶ ነው።