አንባቢን ለሁለት በሚከፍል የወንጀል ልብ ወለድ ላይ ውይይት እንዴት ይመራል?

አንድ የወንጀል ልብ ወለድ አንብበው ከተሰበሰቡት ገሚሱ «ድንቅ ነው»፣ ገሚሱ «ተታለልኩ» ሲሉ ብዙ አወያዮች ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ ይሞክራሉ። ማስታረቅ አያስፈልግም። ተከራካሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ አይደለም፤ አንዱ እንቆቅልሹ በሐቅ መቅረቡን፣ ሌላው የገጸ ባሕርያቱን ሕይወት፣ ሦስተኛው የትረካውን ፍጥነት ይዞ ነው የሚከራከረው። የአወያዩ ሥራ እነዚህን መነጣጠልና እያንዳንዱን አስተያየት ወደ መጽሐፉ ዐረፍተ ነገር መመለስ ነው።

ለዚህ ከአጋታ ክሪስቲ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ይከብዳል። በ1926 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጀምሮ አንባቢን እንዳከራከረ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የወንጀል ጸሐፊዎች ማኅበር አባላት ከምንጊዜውም የወንጀል ልብ ወለዶች አንደኛ ብለው መርጠውታል፤ ጸሐፊዋ አጭበርብራናለች የሚሉ አንባቢዎችም ዛሬም አሉ። ከዚህ በታች ገዳዩ በስሙ ስለሚጠራ ያላነበባችሁ መጀመሪያ አንብቡት።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኪንግስ አቦት በምትባል የእንግሊዝ መንደር የሚኖር ሮጀር አክሮይድ የተባለ ባለጸጋ በራሱ ቤት፣ በሥራ ክፍሉ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ይገኛል። ሊያገባት ያሰባት ወይዘሮ ፌራርስ ቀደም ብላ ሞታለች፤ ባሏን መርዛ መግደሏን የደረሰበት ሰው እያስፈራራ ገንዘብ ሲበላት ኖሯል። የዚያን ሰው ስም የጻፈችበት ደብዳቤ ለአክሮይድ በደረሰበት ምሽት አክሮይድ ይገደላል። ከሥራ ተገልሎ በመንደሩ ዱባ የሚያለማው መርማሪ ኤርኩል ፗሮ ጉዳዩን ይይዛል። ታሪኩን የሚተርክልን የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ሼፐርድ ነው። ገዳዩም እሱ ነው።

ዝግጅቱ

ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ዝምተኞቹ ሳይናገሩ ሰዓቱ ያልቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት እትም ቢይዝ መልካም ነው፤ ካልተቻለ በገጽ ቁጥር ፋንታ በምዕራፍ ቁጥር ተነጋገሩ።

መጽሐፉ 27 ምዕራፎች አሉት። ለሁለት ክፈሉት። ለመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ምዕራፍ 22 መጨረሻ ብቻ ይነበብ፤ ምዕራፍ 23 ላይ ዶክተሩ የጻፈውን ለፗሮ ስለሚያሳይና ነገሩ ከዚያ በኋላ ወደ ፍጻሜው ስለሚሮጥ መቁረጫው ቦታ ያ ነው። በዚያ ስብሰባ እያንዳንዱ ሰው የሚጠረጥረውን ሰው ስምና ለጥርጣሬው ምክንያት የሆነውን አንድ ቦታ በወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ፣ ለአወያዩ ይስጥ። ወረቀቶቹ ፖስታ ውስጥ ገብተው ይታሸጉ። ይህ ካልተደረገ በሁለተኛው ስብሰባ የክፍሉ ሩብ «እኔ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ» ይላል፤ ማረጋገጫ ስለሌለም ክርክሩ እዚያው ላይ ይቀራል።

መጨረሻውን ቀድሞ የሰማ ወይም በፊልም ያየ ሰው መኖሩን ለብቻው ጠይቁ። ካለ አታስወጡት፤ ግምት እንዳይሰጥ አድርጋችሁ ፍንጮችን በምዕራፍ እየመዘገበ እንዲያነብ አደራ ስጡት። በሁለተኛው ቀን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ይሆናል።

ሁለተኛው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ማንም አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁሉም በጽሑፍ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ። የሚመዘኑት አራት ናቸው፦ እንቆቅልሹ በሐቅ ቀርቧል ወይ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት አላቸው ወይ፣ ትረካው ይጎትታል ወይስ ይጓተታል፣ ቋንቋው እንዴት ነው። ነጥቡ ቀድሞ መጻፉ ዋና ነገር ነው። በእኛ አገር ስብሰባ ውስጥ አንድ የተከበረ ሰው ወይም መምህር ቀድሞ «ይህ ርካሽ ዘዴ ነው» ካለ ከእሱ ቀጥሎ ያለው በይሉኝታ ሐሳቡን ያለዝባል። ስለዚህ ሲናገሩም ከታናሽ ይጀመር፤ ታላላቆቹ መጨረሻ ላይ ይናገሩ፣ ምክንያቱንም አስቀድማችሁ በአክብሮት ንገሯቸው።

ነጥቡን ስትደምሩ አማካይ አታውጡ። ስድስት ሰው 5፣ ስድስት ሰው 1 ቢሰጥ አማካዩ 3 ይሆናል፤ 3 የሰጠ ግን አንድም የለም። ሰሌዳው ላይ ስንት ሰው ምን እንደሰጠ ብቻ ጻፉ። በሰፊው የተከፈለው ጥያቄ የውይይቱ መነሻ ይሁን። በዚህ መጽሐፍ ያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

«ተታለልን ወይስ አላስተዋልንም?»

ለዚህ ጥያቄ አንድ ሰዓት መድቡ፤ አያንስም። ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ይሠመር፦ ምዕራፍ፣ ዐረፍተ ነገሩ፣ መጀመሪያ ስናነብ የገባን፣ ገዳዩን ካወቅን በኋላ የገባን። መመዘኛው ቀላል ነው። ተራኪው ለእኛ ለአንባቢዎች የነገረን ነገር በሁለተኛው ንባብም እውነት ሆኖ ከተገኘ ደብቋል እንጂ አልዋሸም። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ዋሽቷል።

ከምዕራፍ 4 መጨረሻ ጀምሩ። (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ደብዳቤው የገባው ለሦስት ሃያ ጉዳይ ነበር ይላል ዶክተሩ፤ ለሦስት አሥር ጉዳይ ላይ ደብዳቤው ሳይነበብ ትቶት ወጣ። በሩ ላይ እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ወደ ኋላ እያየ ሳይሠራው የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ አሰበ፤ ምንም አልታየውም። መጀመሪያ ስናነብ ለወዳጁ የተጨነቀ ሐኪም ይታየናል። ስንመለስ ግን በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያሉት አሥር ደቂቃዎች ባዶ ናቸው፤ ግድያው የተፈጸመው እዚያ ውስጥ ነው። አንዲት ቃል ሐሰት አልሆነችም። ዶክተሩ ራሱ በመጨረሻው ምዕራፍ ይህንኑ ቦታ ጠቅሶ ሁሉም እውነት እንደነበር በኩራት ያሳየናል። ይህን ክፍል አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ያንብበው፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ክፍሉ ውስጥ የሚፈጠረውን ለውጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ቀጥሎ የሰዓቱ ፍንጭ። ከቤቱ እስከ ግቢው በር በእግር አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ዶክተሩ ለሦስት አሥር ጉዳይ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ሦስት ደወለ። አምስቱ ደቂቃ የት ገባ? ቁጥሮቹ ፊታችን ተቀምጠው ነበር፤ ፗሮ ያደረገው መቀነስ ብቻ ነው። ከቦታው የተንቀሳቀሰው ትልቅ ወንበርም እንዲሁ ነው፦ የአክሮይድን ድምፅ ከሞተ በኋላ ያሰማውን የድምፅ መቅጃ በር ላይ ከሚቆም ሰው ዓይን ለመሸፈን ነበር የተጎተተው።

እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ስልኩስ?» ማለቱ አይቀርም፤ ማለትም አለበት። ምሽት 4፡15 ላይ ስልክ ይደወላል፤ ዶክተሩ ያነሣና የአክሮይድ ቤት አሳላፊ አክሮይድ ተገድሎ ተገኘ ብሎ እንደደወለለት ለእህቱ ይነግራታል። አሳላፊው ግን አልደወለም። ይህ ውሸት ነው፤ የተዋሸው ግን ለእህቱ ነው እንጂ በትረካው ለእኛ አይደለም። ገጸ ባሕርይ ለገጸ ባሕርይ የሚናገረውና ተራኪ ለአንባቢ የሚናገረው ለየብቻ ይመዝገቡ። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ክርክሩ ወደፊት አይሄድም።

በእኛ አመዛዘን ክሪስቲ ፈተናውን አልፋለች። የሚቃወሟት ሰዎች ግን ከባድ መከራከሪያ አላቸው፤ አወያዩም በሙሉ ኃይሉ ሊያቀርብላቸው ይገባል። የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊው ሮናልድ ኖክስ ለዘርፉ በ1929 ባወጣቸው አሥር ደንቦች የመጀመሪያው፣ ወንጀለኛው አንባቢ ሐሳቡን እንዲከታተል የተፈቀደለት ሰው መሆን የለበትም ይላል። መጽሐፉ ከደንቡ ሦስት ዓመት ይቀድማልና «ደንብ ጣሰች» የሚል ካለ ይህን አስታውሱት፤ ቅሬታው ግን በዚህ አይፈርስም። አንባቢ የሚተርክለትን ሰው ያምናል፤ ያ እምነት ተነክቷል። ሌላዋ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ዶሮቲ ሴየርስ በበኩሏ ሁሉንም መጠርጠር የአንባቢው ሥራ ነው ብላ ተከላክላላታለች። ሁለቱን አቅርቡና በዚህ ብቻ እጅ አስወጡ።

ሌሎቹ ቅሬታዎች

«ገጸ ባሕርያቱ ደረቅ ናቸው» ለሚል ሰው የዶክተሩን እህት ካሮላይንን አቅርቡለት። ከቤቷ ሳትወጣ የመንደሩን ወሬ ሁሉ የምታውቅ ናት፤ ክሪስቲም ሌላዋ ዝነኛ መርማሪዋ አሮጊቷ ሚስ ማርፕል ከእሷ እንደተወለደች ገምታለች። ስለ ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ግን ቅሬታው ልክ ነው፤ ብዙዎቹ የቆሙት ጥርጣሬ እንዲሸከሙ ነው። አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን በ1945 ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ አክሮይድን ማን ገደለው ብሎ ማን ይጨነቃል የሚል ርእስ ሰጥቶ መላውን ዘርፍ የነቀፈበት ጽሑፍ ለዚህ ወገን ጥሩ ጥይት ነው።

በውይይቱ መጨረሻ አካባቢ ሰዉ ከደከመ የፈረንሳዊውን የሥነ ጽሑፍ ምሁር ፒዬር ባያርን ሐሳብ ጣሉላቸው፦ በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ፗሮ ተሳስቷል፣ ገዳይዋ ካሮላይን ናት ብሎ ይሞግታል። ሩብ ሰዓት በቂ ነው። ማስረጃ ከጽሑፉ ያላመጣ ሰው አይናገር።

ጸሐፊዋ በ1926 መጨረሻ ለ11 ቀን ጠፍታ መገኘቷን የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። ወሬው ይጥማል፤ ሰዓቱን ግን ይበላዋል። ከመዝጊያው በኋላ ለቡና አቆዩት።

ሪፖርት

የታሸገው ፖስታ መጨረሻ ላይ ይከፈት፤ ዶክተሩን የጠረጠሩ ስንት እንደሆኑ ይቆጠር፤ እነሱም በአራቱ ጥያቄዎች የሰጡት ነጥብ ካልጠረጠሩት ጋር ይነጻጸር። ገዳዩን ቀድሞ ያወቀ ሰው ለሐቀኝነቱ ከፍተኛ ነጥብ ሰጥቶ ለፍጥነቱ ዝቅ አድርጎ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁት። የውይይቱ ሪፖርት ሁለት ክፍል ይኑረው። በመጀመሪያው የነጥብ ቆጠራውና የገዳዩን ማንነት የማይነኩ አስተያየቶች ይግቡ፤ አራቱ ዓምዶችና የፖስታው ውጤት በሌላ ገጽ፣ ገና ያላነበበ እንዳይከፍተው ከላይ ተጽፎበት ይያያዝ።