ለገና ከዴንቨር ሎስ አንጀለስ በመኪና፦ በረዶን ለመሸሽ ስታቅዱ የምታስወግዷቸው ስህተቶች

ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ብርዱ የሚከፋበት ሳምንት። ዴንቨርና ኦሮራ ያለ ቤተሰብ ሎስ አንጀለስ ካሉ ዘመዶቹ ጋር ለማክበር ሲያስብ፣ ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ይከብደዋል። ስለዚህ መኪናውን ያስነሳል። ጥሩ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ግን አብዛኞቻችን በረዶ ላይ መንዳት የተማርነው ትልቅ ሰው ከሆንን በኋላ ነው። የሚያዋጣን በረዶው ያለበት መንገድ ላይ አለመገኘት ነው። ይህ ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው።

ጂፒኤስ ያወጣውን መንገድ ዝም ብሎ መያዝ

ሎስ አንጀለስ ብላችሁ ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ አይ-70 ነው። ወደ 1,020 ማይል ነው፤ አጭሩ እሱ ነው። ግን ከዴንቨር ወጥታችሁ አንድ ሰዓት ያህል እንደነዳችሁ አይዘንሃወር ዋሻ ትደርሳላችሁ። ከፍታው 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል። ቀጥሎ ቬይል ፓስ አለ፤ እሱም 3,250 ሜትር ነው። ኮሎራዶ በዚህ ተራራማ ክፍል ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ለበረዶ የሚሆን ጎማ፣ ወይም በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና፣ ወይም የጎማ ሰንሰለት እንዲኖር በሕግ ታስገድዳለች። ሕጉ ብቻውን የመንገዱን ጠባይ ይናገራል። ተራራውን ጨርሳችሁ ዩታ ስትገቡ ደግሞ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ከ100 ማይል በላይ ነዳጅ ማደያ የለም።

ጂፒኤስ የሚቆጥረው ደቂቃ ነው። ከሰዓታት በኋላ ተራራው ላይ የሚጥለውን በረዶ አያስብላችሁም። ሀይዌይ ሲዘጋም በጎን ያለ የገጠር መንገድ ሊያሳያችሁ ይችላል። አትከተሉት። በረዶ ጠራጊ መኪና ቅድሚያ የሚሰጠው ለሀይዌይ ስለሆነ የገጠሩ መንገድ ይብሳል። ሀይዌይ ከተዘጋ፣ ቅርብ ያለ ከተማ ገብቶ ሞቴል መያዝ ነው።

"ወደ ደቡብ ከሆነ በረዶ የለም" ማለት

በዚህኛው ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ትንሽ ልቆይበት። አይ-70ን የፈራ ሰው በአይ-25 ወደ አልበከርኪ ይወርዳል። ከዚያ በአይ-40 ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። አሪዞና ሲገባ "በቃ፣ በረሃ ገባሁ" ይላል። አይ-40 ግን ፍላግስታፍን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዓመት በአማካይ ከ90 እስከ 100 ኢንች ያህል በረዶ ይጥልባታል፤ ከዴንቨር ይበልጣል። አዲስ አበባ ከእሷ ከፍ ብላ እንዲህ ያለ በረዶ የማታየው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። እዚህ አገር ግን በዊንተር ከፍታ ማለት በረዶ ማለት ነው። ስለዚህ መንገድ ስትመርጡ የየቦታውን ከፍታ እያያችሁ ምረጡ።

ትንበያው ፍላግስታፍ ላይ በረዶ ካሳየ ሦስተኛ መንገድ አለ። አልበከርኪ ላይ አትታጠፉ። በአይ-25 ወደ ደቡብ ቀጥሉ። ሀች ከምትባል ትንሽ ከተማ በስቴት መንገድ 26 ወደ ዴሚንግ ተሻገሩና አይ-10ን ያዙ። ቱሳን፣ ፊኒክስ፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ነው። ከዴሚንግ ወዲያ መንገዱ ከ5,000 ፊት፣ ማለትም ከ1,525 ሜትር ገደማ በላይ አይወጣም። ጠቅላላው ወደ 1,400 ማይል ይጠጋል፤ ከአጭሩ መንገድ 400 ማይል ያህል ይረዝማል። ነዳጁ ይጨምራል፣ አንድ ሌሊት ማደርም ይጨምራል። እኔ ግን ልጆች የጫነ ሰው ለዚህ ባይሰስት እላለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዴንቨር ተነስቶ ከፍታን ሙሉ በሙሉ ማምለጥ አይቻልም። ሞኑመንት ሂል፣ የኮሎራዶና የኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለው ራቶን ፓስ፣ ሳንታ ፌ አጠገብ ያለው ግሎሪየታ፤ ሦስቱም አይ-25 ላይ ናቸው። ራቶን ብቻውን 2,390 ሜትር ገደማ ነው። እነዚህን የምታመልጧቸው በቀንና በሰዓት ምርጫ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለበትን ቀን ጠብቁ። ገና ሲነጋ ውጡ። በዚህ ወቅት ፀሐይ እዚያ የምትጠልቀው በአሜሪካ ሰዓት 5 ገደማ ላይ ነው። ቀን የቀለጠው ውሃ ከዚያ በኋላ ይረጋና ዓይን የማያየው ብላክ አይስ ይሆናል፤ ድልድይ ላይ ደግሞ ቀድሞ ይረጋል። በጠዋት ከወጣችሁ ግን ሦስቱንም በብርሃን አልፋችሁ አልበከርኪ ታድራላችሁ።

ዝቅ ያለ ሜዳ ላይም ቢሆን የማይወጣበት ቀን አለ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2021 ፎርት ወርዝ ውስጥ አይ-35 ደብልዩ ላይ ከ130 በላይ መኪኖች ተጋጭተው 6 ሰዎች ሞተዋል። ቴክሳስ ነው፣ ተራራ የለም። መንገዱን ያበላሸው መሬት ሲነካ ወደ በረዶ የሚለወጥ ዝናብ ነበር። እንዲህ ያለ ዝናብ ከተተነበየ መንገድ መቀየር አይበቃም፤ ከቤት አለመውጣት ነው።

መንገድ ላይ ሆኖ ለመወሰን መተው

በዚህ ጉዞ የመወሰኛ ቦታዋ አልበከርኪ ናት። "እስኪ እንሂድና እናያለን" ብላችሁ በአይ-40 ሆልብሩክ ከደረሳችሁ በኋላ ፍላግስታፍ ቢዘጋ፣ በፔይሰን ወይም በሾው ሎው ወደ ፊኒክስ የሚወርዱት መንገዶች ራሳቸው ተራራ ናቸው። አልበከርኪ ባደራችሁበት ሌሊት የአሪዞናንና የኒው ሜክሲኮን የመንገድ መረጃ እዩ፤ 511 ብላችሁም መደወል ትችላላችሁ። ጠዋት ቁርስ ላይ እንደገና እዩና ወስኑ።

የሁለቱን ከተሞች ትንበያ ብቻ ማየት

ዴንቨር ፀሐይ፣ ሎስ አንጀለስም ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በረዶው ያለው መሃል ላይ ነው። የብሔራዊ አየር ሁኔታ አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ካርታውን ነክታችሁ የራቶንን፣ የሳንታ ፌን፣ የፍላግስታፍን ለየብቻ እዩ፤ በነፃ ነው። የምታዩትም እናንተ እዚያ የምትደርሱበትን ሰዓት ይሁን። "ዊንተር ስቶርም ዎች" ካለ ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። "ዋርኒንግ" ካለ እየመጣ ነው፣ ወይም ገብቷል። ዕቅድ የሚቀየረው ዎች ላይ ነው። ዋርኒንግ እስኪወጣ ብትጠብቁ ሁሉም ሰው ሞቴል ፍለጋ ላይ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ ለመድረስ ማቀድ

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። የገና ሌሊት ቅዳሴ ጃንዋሪ 6 ማታ ነው። አክስት ደውላ "ለቅዳሴ ትደርሳላችሁ አይደል?" ትላለች። እናንተም "እንደርሳለን እትዬ" ትላላችሁ። ከዚያ በኋላ በረዶም ቢመጣ ማንም መቆም አይፈልግም። ጃንዋሪ 3 ብትነሱ ግን አንድ ቀን ቆማችሁ ብታሳልፉም ትደርሳላችሁ። ሞቴሉን ሊሰረዝ በሚችል ዋጋ ያዙ። ለአክስትም አስቀድማችሁ "መንገዱ ከተበላሸ እናድራለን" በሏት፤ ትረዳለች።

በተለይ የሌሊት ፈረቃ ለምትሠሩ፦ ከሥራ ወጥታችሁ ቀጥታ መሪ አትያዙ። ፈቃድ ለማትረፍ ብዙ ሰው ያደርገዋል። መጀመሪያ ተኙ።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ስላለ መተማመን

ለመነሳት ይረዳል። ለመቆም ግን አይረዳም፤ ፍሬን ስትይዙ የሚያድናችሁ ጎማው ነው። የጎማውን ጥርስና ነፋስ ከመውጣታችሁ በፊት አስለኩ። ብርድ ሲገባ ነፋሱ ይቀንሳል።

ነዳጅና ምግብ "እናገኛለን" ብሎ መተው

ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ቨርጂኒያ ውስጥ አይ-95 ላይ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠና መኪኖች ባሉበት ቆሙ። ከ24 ሰዓት በላይ መኪናቸው ውስጥ የቆዩ ሰዎች ነበሩ። ሴናተር ቲም ኬን ራሳቸው ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ዋና ከተማው አጠገብ እንዲህ ከሆነ፣ በረሃ መሃል ያለውን አስቡት።

ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የስልክ ቻርጀር ያዙ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ትናንሽ ከተሞች ውስጥ የጾም ምግብ ማግኘት ይቸግራል፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ፍራፍሬ በደንብ ያዙ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በረዶ ውስጥ ከቆማችሁ ከመኪናው ወጥታችሁ በእግር አትሂዱ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የማርሚታውን ጫፍ ከበረዶ አጽዱ፤ ከተደፈነ የሚገድል ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል እያሞቃችሁ አጥፉ፣ አንዱን መስኮት በትንሹ ክፈቱ፣ ልጆቹን መሃል አድርጋችሁ ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ። 911 ስትደውሉ መንገድ ዳር ያለውን የማይል ቁጥር ንገሯቸው።