ግቢ ውስጥ ምርት ለማስተዋወቅ ለምትቀጠሩ ተማሪዎች

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎች በሚቀበልበት ሰሞን ሲም ካርድ የሚሸጥ፣ የባንክ ሒሳብ የሚያስከፍት ተማሪ የሚፈልጉ ድርጅቶች ይበዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪ የዶርም ጓደኛውን ያምናል። የሚከራዩት ይህንን መታመን ስለሆነ በርካሽ አትስጡት።

ከሁሉ በፊት ኮሚሽኑ መቼ እንደሚታሰብ ጠይቁ። ደንበኛው ሲመዘገብ ነው ወይስ ገንዘብ ሲያስገባ? 50 ሰው ያስመዘገበ ልጅ «ሒሳባቸውን ያንቀሳቀሱት 10 ብቻ ናቸው» ተብሎ የ10 ሰው ክፍያ ይዞ ሊመለስ ይችላል። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቴሌግራም የተላከም ቢሆን ከቃል ይሻላል። በሠራተኛነት ከተቀጠራችሁ፣ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ እንዲሰጣችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያዛል። በኮሚሽን ብቻ ለሚሠራ ግን ይህ ከለላ ላይኖር ይችላል፤ ለዚህ ነው ጽሑፉን አጥብቄ የምለው።

ዕቃ በዱቤ ወስዳችሁ ሽጡ ከተባላችሁ እምቢ በሉ። ያልተሸጠው ቅባትና ሳሙና አልጋ ሥር ይከማቻል፣ ዕዳው የእናንተ ይሆናል።

በራሳችሁ መታወቂያ ለሌላ ሰው ሲም ካርድ አታውጡ። የጓደኛችሁን የሚስጥር ቁጥርም እናንተ አትምቱለት፤ ስልኩን መልሱለትና ፊታችሁን አዙሩ።

ጠረጴዛ ለመዘርጋት የግቢውን ፈቃድ ድርጅቱ ራሱ ያውጣ። ከማራኪ ግቢ ወደ ቴዎድሮስ ግቢ የምትመላለሱበትን የባጃጅ ሒሳብ ማን እንደሚከፍልም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።