ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ የአውትሉክ ኢሜይልን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ማዛወር

ችግር፦ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አካውንቱ ይሠራል፣ የድሮው ኢሜይል ግን የለም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። አካውንታችሁ ፖፕ3 (ኢሜይልን አውርዶ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጠው ዓይነት) ከሆነ የማይክሮሶፍቱ ኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ ኢሜይሉን ከሰርቨር (ኢሜይሉን ከሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ያወርድና ፒኤስቲ በሚባል ፋይል ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ያስቀምጠዋል። ሰርቨሩ ላይ ቅጂ እንዲቀር ካልታዘዘ እዚያ ያለው ይጠፋል። ስለዚህ ይለፍ ቃሉን አስር ጊዜ ብታስገቡ የድሮው አይመጣም። ያለው አሮጌው ማሽን ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ከመሐል ሜዳ መጣ። ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልሎ ጋቢው ስር ይዞታል። "ሁሉንም ኮፒ አድርጌዋለሁ" አለኝ። ስከፍተው ያለው የአውትሉክ ሾርትከት ብቻ ነው፤ ያው ዴስክቶፕ ላይ የምትጫኑት ምልክት። መጠኑ 2 ኪሎባይት። የስድስት ዓመት ደብዳቤ በ2 ኪሎባይት! "አሮጌው ማሽንስ?" ስለው "እሱንማ ትናንት ፎርማት አድርገን ለንብረት ክፍል ሰጠነው" አለኝ። ሁለታችንም ዝም አልን።

እንዲህ ያለ ሰው በዓመት ሦስት አራቴ ይመጣብኛል። አንዳንዱ "ዶክመንትስ" የሚለውን ፎልደር ብቻ ገልብጦ ይመጣል። አውትሉክ 2010 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ፋይሉን ብዙ ጊዜ እዚያው፣ "አውትሉክ ፋይልስ" ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ዕድለኛ ይሆናል። የ2007ቱና ከዚያ በፊት የነበረው ግን "አፕዴታ" በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው የሚከተው፤ ከዚያ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ አውትሉክ እያላችሁ ትገባላችሁ።

መፍትሄ፦ በግምት አትፈልጉ። አሮጌው ማሽን ላይ አውትሉክን ክፈቱ። ፋይል (በ2007ቱ ቱልስ)፣ አካውንት ሴቲንግስ፣ ዳታ ፋይልስ። ያሉት ፋይሎች በሙሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። አንዱን መርጣችሁ "ኦፕን ፋይል ሎኬሽን" (በ2007ቱ "ኦፕን ፎልደር") ስትሉ ፎልደሩ ይከፈታል። "አርካይቭ" የሚል ካለ እሱንም ውሰዱ፤ የቆየው ደብዳቤ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ አውትሉክን ዝጉና ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ተከፍቶ አትገልብጡ! አዲሱ ላይ ፋይሉን ከፍላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ ካወረዳችሁ በኋላ በፋይል፣ ኦፕን ኤንድ ኤክስፖርት በኩል ክፈቱት። ፍላሹ ላይ እያለ አትክፈቱት።

የድሮውን ኢሜይል አዲሱ ላይ በዓይናችሁ ሳታዩ አሮጌውን ፎርማት አታድርጉ። አድርጋችሁት ከሆነ ማሽኑን ወዲያው ዝጉት፣ ምንም ፕሮግራም አትጫኑበት። ሃርድ ዲስክ ከሆነ አንዳንዴ ይገኛል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራው ማከማቻ) ከሆነ ተስፋው የመነመነ ነው።

ችግር፦ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ "ፋይሉ ትልቅ ነው" ይላል

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው አሠራር ነው። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጡና ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። አደራ፣ ፍላሹን ነው ያልኩት!

በርካሽ የተገዛ "ባለ 64 ጊጋ" ፍላሽም አለ። ውስጡ ያለው ከተጻፈበት ያነሰ ነው። የገለበጠ ይመስላል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። እኔ እንዲህ ያለውን ሳገኝ ባለቤቱ ፊት ነው የምሰብረው።

ሌሎች

ፋይሉ ፒኤስቲ ሳይሆን ኦኤስቲ (ሰርቨር ላይ ያለው ኢሜይል ቅጂ) ከሆነ ተዉት። ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ ስላለ አዲሱ ማሽን ራሱ ያወርደዋል። አካውንቱ አይማፕ (ኢሜይሉን ሰርቨር ላይ የሚተወው ዓይነት) ከሆነ ግን ኮንታክቱና ካሌንደሩ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ወደ ፒኤስቲ ኤክስፖርት አድርጉ።

ከሲዲ የተገለበጠ አልከፍት ካለ ፕሮፐርቲስ ውስጥ "ሪድ ኦንሊ" የሚለውን አንሱ።

መብራት ሄዶ ፋይሉ ከተበላሸ መጀመሪያ ቅጂ አስቀሩ፣ ከዚያ ከኦፊስ ጋር የሚመጣውን የፒኤስቲ መጠገኛ ፕሮግራም፣ ስካንፒኤስቲን አስሩጡበት። ትልቅ ፋይል ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፤ ላፕቶፕ ላይ ሥሩት፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን።