የባትሪ ምልክት በርቶ አልጠፋ ሲል፦ ሙሉ ዲናሞ ሳይቀየር የተፈታ ችግር

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲመጣ የኮሮላ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ቀይ የባትሪ ምልክት በርቶ ቀረ። ምልክቱ ባትሪው ሞተ ማለት አይደለም፤ በሞተሩ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ቻርጅ እያደረገ አይደለም ማለት ነው። አዲስ ባትሪ ቢገዛ እሱም አልቆ መንገድ ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ የባትሪውን ቮልት በቴስተር ለካን። ሞተር ጠፍቶ 12.5 ቮልት፣ ተነስቶ 12.2። ጤነኛ ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ይሰጣል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ደህና ነበር። ተበጥሶ ቢሆን ወዲያው ማቆም ነው፤ በብዙ መኪና የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ሞተሩ ይግላል።

ጋራዡ «ዲናሞው ይቀየር» አለ። ተፈትቶ ካርቦኑ (ዲናሞው ውስጥ ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ይታይ አልን። ከመፍታት በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል፤ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ የመኪናው ቁልፍ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አለው። አንደኛው ካርቦን ተበልቶ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቀርቶታል፤ አዲሱ ወደ 10 ይጠጋል። ሁለቱም ተቀየሩ፣ የሚያርፉበት የመዳብ ቀለበትም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጸዳ። የፊት መብራትና ማራገቢያ በርቶ 14.1 ቮልት ሰጠ፤ ምልክቱም ጠፋ።

የእጅ ዋጋውን ዕቃው ሳይፈታ ተነጋገሩ፤ አሮጌውን ካርቦን ተቀበሉ። ቮልቱንም ከመክፈላችሁ በፊት ዓይናችሁ እያየ አስለኩ።